ከላይኛው ሬ በላይ

«ሃምሳ አለቃ አረፉ» አለችኝ እናቴ በስልክ። ኦስሎ፣ ኦከርን የሚባለው ሰፈር ቆሜ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። ዙሪያውን ሁሉ ስለሚቆፍሩና ስለሚያፈርሱ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው የደረሰኝ። «ማን?» አልኳት። ሰምቻታለሁ እኮ፤ ግን ሰው አንዳንዴ የሰማውን ነገር ትንሽ ለማዘግየት ብሎ ይጠይቃል። «ጋሽ ይርዳው ናቸዋ! ያስተማሩሽ!» አለች፤ ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለቅሶ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። አነጋገሯ የጥያቄ ብቻ አልነበረም። ለዓመታት አንድም ቀን ያላነሳችብኝን ነገር በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገር አነሳችብኝ።

«እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ስለ እኚህ ሰው እየጻፍኩ ራሴን ደህና አድርጌ ማቅረብ አልችልም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ጋሽ ይርዳው አራት ዓመት ሙሉ ኦቦ አስተማሩኝ፤ እኔ ደግሞ በአንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ የነበራቸውን አንድ ነገር ቀማኋቸው። ኦስሎ ውስጥ የቢሮ ወለል የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ሐበሻው ሁሉ አገር ቤት በወታደር ማርሽ ባንድ ውስጥ ኦቦ ነፊ እንደነበሩ ያውቃል፤ «ሃምሳ አለቃ» ብሎ የሚጠራቸውም በዚያ ነው። ስማቸውም ክብራቸውም ያ ነበር፤ ሌላ የላቸውም።

ኦቦን ለማያውቅ፣ ክላርኔትን የሚመስል ጥቁር የእንጨት መሣሪያ ነው። አፉ ላይ ሁለት ስስ የሸምበቆ ምላሶች ገጥመው ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ባለችው በጣም ጠባብ ክፍተት ነው የሚነፋው። ታችኛው ድምፅ እንደምንም ይወጣል። ወደ ላይኞቹ ኖታዎች ሲኬድ ግን ጀማሪ ሁሉ ይደነግጥና ሸምበቆውን በከንፈሩ ጨምቆ ይነክሰዋል፤ ያኔ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ድምፁም የታነቀ ዶሮ ይሆናል። እኔ ለብዙ ጊዜ የታነቀ ዶሮ ነበርኩ።

መሣሪያውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የትምህርት ቤታችን ኮርፕስ፣ ማለትም የልጆች ባንድ፣ ውስጥ ስገባ ፍሉቱም ትራምፔቱም ተይዞ አለቀ። ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረው ኦቦ ነው። ማንም ያልፈለገው ነገር ለማን እንደሚደርስ በአሥራ ሁለት ዓመቴ በደንብ አውቅ ነበርና አልተከራከርኩም። የሚያስተምረኝ ኖርዌያዊ በሳምንት አንዴ ለሃያ ደቂቃ ብቅ ይልና፣ ፍሉት ነፊ ስለነበር፣ ጣቶቼን አስተካክሎ ይሄዳል። ቤት ገብቼ ስነፋ ደግሞ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።

ሃውገንስቱዋ ያለው የምንኖርበት ሕንፃ ስድስት ፎቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀን በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከሲከየሙ፣ አዛውንት ከምትንከባከብበት ቤት፣ የሥራ ሱሪዋን እንኳ ሳታወልቅ መግባቷ ነበር። በሩ ላይ ከላያችን ያለው ቤት የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ። እናቴ አቤቱታ መስሏት «ይቅርታ ጋሼ፣ አስቆማታለሁ» ማለት ጀመረች።

«ለምን ታስቆሚያታለሽ?» አሉ። «ልጅቷ ሸምበቆውን እየነከሰችው ነው። ከላይ ሆኜ ጥርሴን ያመኛል።»

ያኔ እናቴ ሳቀች፤ እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዳቦ አይደለም፣ አትግመጪው» አሉኝ። የመጀመሪያው ትምህርቴ በር ላይ ተቁሞ፣ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ሁለተኛው ግን ከምድር ቤት፣ ቫስከሪው ውስጥ ነበር። የሕንፃው ሰው ሁሉ ልብስ የሚያጥብበት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ሰሌዳ ላይ ሰዓቱን ይይዝና ለሁለት ሰዓት ክፍሉ የራሱ ይሆናል። ጋሽ ይርዳው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይይዛሉ። አንድ አሮጌ ፎጣ ማሽኑ ውስጥ ይጥሉና ያስነሱታል፤ እኔ ደግሞ ኦቦዬን እገጣጥማለሁ። ማሽኑ እየጮኸ ማን ስለ እኔ ይከሳል? ጎረቤቶቻችን ግን ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት በሳምንት ሁለት ጊዜ ምን እንደሚያጥቡ ግራ ይገባቸው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ንጽሕና የሚያሳብዳት ሴት ናት ተብሎ ተወራ። እሷም ሰምታ፣ ለባሏ ስትል፣ አንድም ቀን አላስተባበለችም።

ትምህርቱ በማሽኑ ነበር የሚመራው። ውሃ ሲስብ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ሳይንቀጠቀጥ። ወዲያና ወዲህ ሲያገላብጥ ስኬል፣ ኖታዎቹን በተራ ወደ ላይና ወደ ታች። መጨረሻ ላይ ልብሱን መጭመቅ ሲጀምርና ወለሉ ሲርገበገብ ወደ ላይኞቹ ኖታዎች እንወጣለን። «አሁን ማንም አይሰማሽም፤ እንደልብሽ አበላሺ» ይሉኛል። እኔም አበላሻለሁ። እሳቸው ባዶ የልብስ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያንን ሁሉ ጩኸት አልፈው እያንዳንዷን ስሕተቴን ይሰሟታል።

«ኦቦ ነፊን የሚያፍነው አየር ማጣት አይደለም» ይሉ ነበር። «የተቃጠለው አየር ውስጡ ተቀምጦ ነው የሚያፍነው። መጀመሪያ አስወጪ፤ ከዚያ ሳቢ።» ላይኛው ሬ የሚባለው ኖታ ላይ ስደርስ ደግሞ «ከታች ሆነሽ አትንጠራሪ። ቀድመሽ ከላዩ ሁኚና ውረጂበት» ይላሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለሁለት ዓመት አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሳላስበው፣ ሬው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ዓይናቸውን ገለጡ። ተነሥተው ያንን አንድ ፎጣ ከማሽኑ አወጡና በጥንቃቄ አጥፈው በክንዳቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከማንም አልተቀበልኩም።

ሸምበቆዬን የሚሠሩልኝም እሳቸው ናቸው። በትንሽ ቢላዋ ይፍቁታል፣ ወደ መብራት ያነሡታል፣ ደግሞ ይፍቁታል። ሠርተው ሲጨርሱ ግን አይሞክሩትም፤ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ። «አንዴ ነፍተው ያሳዩኝ እስቲ» ስላቸው «የሰው ሸምበቆ አፍ ውስጥ አይከተትም። የጥርስ ብሩሽ ትዋዋሻለሽ እንዴ?» ይሉኛል። ነገሩም እውነት ስለሆነ እተወዋለሁ። የራሳቸው ኦቦ አልነበራቸውም፤ የመንግሥት ንብረት ስለነበር አገር ቤት ቀርቷል።

ሲስቁ አፋቸውን እንደሚሸፍኑ ብያለሁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አፉን ሸፍኖ ቢስቅ ማን ይገርመዋል? ጨዋነታቸው ነው አልን። ድግስ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው ይበላሉ፤ ያደጉበት ሥርዓት ነው አልን። ዳቦውን በሻይ ካላራሱ አይቀምሱም፤ የወታደር ቤት ልማድ ነው አልን። ፎቶ ሲነሡ ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ ኮስታራ ናቸው አልን። ለሁሉም የሚያምር ምክንያት ነበረን። አንድ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን «አፍህን ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። እኛ ግን እናከብራለን፤ አክብረን አክብረን ፊታችን ያለውን ሰው ሳናየው እንቀራለን።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለሙዚቃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያ ተፈተንኩ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ደህና ሄድኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከላይኛው ሬ አልፎ እስከ ፋ የሚወጣ መስመር አለ። ገና ሲመጣ ሳየው የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ረሳሁ፤ ሸምበቆውን ነከስኩት። ድምፁ ታነቀ። ደገምኩት፤ ታነቀ። ሦስተኛውን ሳልጀምር መካከል የተቀመጠችው ሴት እጇን አነሣች።

«ማን ነው ያስተማረሽ?» አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች፤ እውነቱን ለመናገር ፊቷ ላይ ንቀት አልነበረም።

«አንድ ጎረቤታችን። በወታደር ባንድ ኦቦ ነፊ የነበረ።»

«ሲነፋ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኔይ።»

«አንድም ቀን አላየሽውም?»

«ኔይ።»

ሦስቱም ተያዩ። የተያዩት ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ይበቃል። ከክፍሉ ስወጣ ማለፌ እንዳከተመለት አወቅሁ፤ ከዚያ የባሰ ግን ራሴ ውስጥ አንድ ነገር መብላላት ጀመረ። አራት ዓመት ቫስከሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ሰው ኦቦ መንፋት እንደሚችል በምን አወቅሁ? ሰው ስላለ።

በነጋታው ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሥራ ሊገቡ ነው፤ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። ገና ሲያዩኝ ፊቴን አነበቡት።

«ነከስሽው?» አሉኝ።

እንዴት ነበር፣ አይዞሽ፣ አንዱም የለም። እውነቱን መናገራቸው ነው ያናደደኝ። ውሸት ቢናገሩኝ ምናልባት ይቅር እላቸው ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ማኅበረ ምእመናኑ ጋምለ ኦስሎ ውስጥ የአንድ የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይከራያል፤ ጾሙ ተፈትቶ፣ እሑድ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጧል። እኔ ኦቦዬን ይዤ ነው የሄድኩት። እንዲያው ይዤው ነው ብል እዋሻለሁ። ሆን ብዬ ነው፤ ሸምበቆውንም አዲስ፣ ማንም ያልነካው፣ በእናቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በውሃ ነክሬ አምጥቻለሁ።

እንደ ወትሮው አንዱ ሰውዬ ጀመረ፤ በየበዓሉ አንዱ መጀመሩ አይቀርም። «ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬስ አንድ ይንፉልን እንጂ!» ጋሽ ይርዳውም እንደ ወትሮው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁና «መሣሪያ የለኝ፣ ሸምበቆው ደረቅ…» ማለት ጀመሩ። ሰውም እንደ ወትሮው «አይ ጋሼ!» ብሎ ስቆ ሊያልፈው ነው። ለዓመታት የቆየ የሁሉም ጨዋታ ነበር፤ እሳቸው እምቢ ይላሉ፣ ሰው ያከብራቸዋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ምግቡ ይመለሳል።

ተነሣሁ። ኦቦውን ገጣጠምኩና ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«መሣሪያው ይኸውና» አልኩ። «ሸምበቆው አዲስ ነው፣ ርሷል። ዛሬ ምክንያት የለም።»

አዳራሹ ገና እየሳቀ ነበር፤ የልጅ ፍቅር መስሎታል። እትዬ ዘነቡ ግን ገባት። «ተዪ የኔ ልጅ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዛሬ ይቅር።» እጄን ያዘችኝ። እጄን ነጠቅኋት።

«አራት ዓመት አስተማርከኝ» አልኳቸው። አንተ ነው ያልኳቸው፤ እናቴ ከጠረጴዛው ማዶ «ትርሲት!» ብላ ስትጮህ ይሰማኛል። «አንድ ቀን ነፍተህ አላሳየኸኝም። ፈተና ላይ ሲነፋ አይተሻል ወይ ሲሉኝ ምን ልበል? ሰው ፊት ውሸታም አደረግከኝ። የምትችል ከሆነ ንፋ። የማትችል ከሆነ ለሰው ሁሉ ንገራቸው።»

የአዳራሹ ሳቅ ተቋረጠ። ጋሽ ይርዳው ኦቦውን አዩት። ወደ እኔ ቀና አሉ፤ ቁጣ ስጠብቅ ነበር፣ ግን ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲጠብቀው የነበረ ሰዓት ሲደርስበት የሚያሳየው ዓይነት ድካም ነው። ተነሡ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጎንበስ አሉ። ሲመለሱ መሐረቡ ተጠቅልሏል፤ ለእትዬ ዘነቡ ሰጧት። አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ የለም። ሰው ሠራሽ ነበር፤ መሐረቡ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

የስድሳ ዓመቱ ሰው በአንድ ደቂቃ ሰማንያ ሆኑ።

ኦቦውን አንሥተው ከንፈራቸውን በድዳቸው ላይ አጥፈው ነፉ። ታችኛው ድምፅ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ መሣሪያ ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር፤ ክብ፣ ሙሉ፣ የማይቸኩል። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላወጣሁትም። ዜማው ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ሬው ላይ ሲደርስ ደቀቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ። ቀጥሎ ወደ ሚው ሲሄዱ ድምፅ የለም። አየር ብቻ። ፉጨት ያልሆነ፣ ዜማ ያልሆነ፣ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት። ደገሙት። ጉንጫቸው እየተሰረጎደ፣ ከንፈራቸው ከድዳቸው ላይ እየሸሸ፣ ከአፋቸው ጠርዝ ምራቅ ወረደ።

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ማንም ላይ ማላከክ አልችልም። ከድንጋጤ ነው፣ ልጅነት ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ሳቄን አውቀዋለሁ፤ ያሸነፈ ሰው ሳቅ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ፤ ከነሱ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው አፈነው አፈነውና አመለጠው። አንዱ ስልኩን ቀና አድርጎ ይቀርፅ ነበር።

ጋሽ ይርዳው ኦቦውን ከአፋቸው አወረዱ። መጥረጊያውን ጨርቅ ከሣጥኔ አውጥተው በመሣሪያው ውስጥ አሳለፉት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ተጣድፈው አይደለም፤ ርጥበት እንጨቱን እንዳይጎዳው ነው። ከዚያ በሁለት እጃቸው ለእኔ መለሱልኝ።

«ከላይኛው ሬ በላይ ጥርስ ያስፈልገዋል» አሉ። አነጋገራቸው ፈስሶ ስለነበር ሁለተኛ ጊዜ ማለት ነበረባቸው። ለእኔ ነበር የነገሩኝ፤ ልክ ቫስከሪው ውስጥ እንዳለን፣ እንደ ትምህርት።

እትዬ ዘነቡ ኮታቸውን አለበሰቻቸውና ወጡ።

እናቴ ባቡር ውስጥ አጠገቤ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቤት ገብታ ነጠላዋን እያጠፈች ነው የነገረችኝ። ጋሽ ይርዳው ካርቱም በስደት ሳሉ ድዳቸው ታመመ፤ ሐኪም የሚባል ስላልነበረ ሕመም በተነሣ ቁጥር ጥርሶቻቸውን አንድ አንድ እያሉ አወለቋቸው። የመጨረሻው ሲወልቅ ለሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እዚህ መጥተው የተሠራላቸው ተነቃይ ጥርስ ለምግብ እንጂ ለኦቦ አይሆንም፤ ሸምበቆው ሲጫነው ይንሸራተታል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ሴቶቹ ሁሉ እናውቃለን። ዘነቡ ነግራናለች፤ ካወቅን ስንት ዓመታችን።» ነጠላውን ሣጥን ላይ አኖረችው። «አንዲት ሴት እንኳ አፏ አላመለጣትም።»

ያ የተቀረፀው ነገር ከሰኞ ጀምሮ በየስልኩ ዞረ። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። አንድ ሰው «ማርሽ ባንዱ በድድ» ብሎ ጻፈበት፤ ስማቸውም ያ ሆነ። ሃምሳ አለቃ ማለት ቀረ። ጋሽ ይርዳው ከዚያ በኋላ አዳራሹን አልረገጡም፤ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ በር አካባቢ ቆመው ቡራኬው እንዳለቀ ይወጣሉ። ቫስከሪው ሰሌዳ ላይም የእነሱ ቤት ቁጥር በወር አንዴ ብቻ መታየት ጀመረ።

ይቅርታ ጠይቄያለሁ ብል ደስ ባለኝ። አልጠየቅሁም። መጀመሪያ ልክ ነኝ ብዬ፤ ቀጥሎ አፍሬ፤ ቀጥሎ ጊዜው አልፏል ብዬ። ሊፍቱ ውስጥ ሲገቡ ካየሁ ፖስታ ሣጥን የምከፍት መስዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን እኔ ሳላያቸው በሩን በእጃቸው ይዘው ጠበቁኝ። አብረን ወጣን፤ አራት ፎቅ። እሳቸው ቁጥሮቹን ያያሉ፣ እኔ ጫማዬን። በሩ ሲከፈት «እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉኝ፤ ከንፈራቸው እምብዛም ሳይላቀቅ።

በዚያው ዓመት ሌላ መምህር አገኘሁ፤ መሐል ከተማ፣ እውነተኛ ኦርኬስትራ ውስጥ የምትጫወት ኖርዌያዊት። የመጀመሪያው ቀን ሸምበቆውን አፌ ውስጥ እንዳስገባሁ «አትንከሺው» አለችኝ። ሁለተኛው ቀን «መጀመሪያ የቆየውን አየር አስወጪ» አለችኝ። ሦስተኛው ቀን ከላይ ሆኜ እንድወርድበት ነገረችኝ። እኔም ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማሁት ሁሉ ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ልዩነት ብቻ ነው ያለው፤ እሷ ነፍታ ታሳየኛለች። ስትነፋ አፏን አየሁት፣ እናም ጋሽ ይርዳው ሲናገሩ የነበረውን ነገር ሁሉ አፏ ላይ አየሁት።

ለዚያው ትምህርት ቤት እንደገና ልፈተን ሳምንት ሲቀረኝ እናቴ የመድኃኒት ካርቶን ይዛ ገባች። ውስጡ ስድስት ሸምበቆዎች አሉ፤ በቀይ ክር የታሰሩ፣ በቢላዋ የተፋቁ። «ሰጥተውኛል» አለች፤ ማን እንደሆነ አልተናገረችም፣ አልጠየቅኋትም። መምህሬ አንዱን ወደ ብርሃን አነሣችና «ይኼን ማን ሠራው?» አለችኝ። «ገዝቼው ነው» አልኳት። ፈተናው ላይ በእሱ ነፋሁ። ፋው ወጣ። አለፍኩ። እናቴ ወደ ላይ ወጥታ ነግራቸዋለች፤ እኔ አልወጣሁም።

እንግዲህ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ካፔሉ፣ የመቃብሩ ጸሎት ቤት፣ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን የሳቁትም መጥተዋል፤ ጥቁር ለብሰው፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ከጸሎቱ በኋላ እንደ ልማዳችን የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የሰበካው ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግተው ቆሙ። የተወለዱበትን አገር፣ የአባት የእናታቸውን ስም አነበቡ። በውትድርና አገራቸውን አገለገሉ፤ በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ ወደ ኖርዌይ መጡ፤ ኦከርን አካባቢ በጽዳት ሥራ እስከ ጡረታ ሠሩ፤ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ። ወረቀቱ ታጠፈ። ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል የለም። ኦቦ የለም፣ ባንድ የለም፣ ሃምሳ አለቃ የሚለው እንኳ የለም። ጸሐፊው «የሚጨምር ሰው ካለ» ብለው ሕዝቡን ቃኙ። የካፔሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ሰዓቱን እያየ ነው፤ ቀጣዩ ቀብር ደርሷል። ጉልበቴ ትንሽ ቀና ማለቱን አስታውሳለሁ። ምን ብዬ እነሣለሁ? ተማሪያቸው ነበርኩ ብዬ? ማንም አልተነሣም፤ እኔም ተቀመጥኩ፤ ሬሳው ወጣ።

ከመቃብር ሃውገንስቱዋ ተመለስን። ቤታቸው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። ወደ እትዬ ዘነቡ ተጠግቼ ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ። አላራቀችኝም፤ አላቀፈችኝምም።

«እትዬ» አልኳት፤ «ስለ ኦቦው ለምን አልተነበበም? ረስተውት ነው?»

«ማን ይረሳዋል?» አለች። ዓይኗ ደርቋል። «ራሱ ነው የጻፈው፣ ሆስፒታል ሳለ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ባንዱ ጽፎ ነበር። የት የት እንደነፉ፣ ማን ማን ፊት። ከዚያ በነጋታው እስክሪብቶ አምጪ አለኝና ሁሉንም ሰረዘው። ‹ሰው ይስቃል› አለኝ።»

ይበልጥ ተጠጋኋት።

«እኔም ‹የሳቀው ሁሉ ረስቶታል፤ አሁን ማን ይስቃል?› አልኩት» አለች። ሰው ሊሰናበታት እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ እሱን ሰላም ብላ አሰናብታ ወደ እኔ ተመለሰች። «‹ትርሲት ቀብር መምጣቷ አይቀርም› አለኝ።»

አጠገቧ ከነበረው ትሪ ሳህን አንሥታ ምግብ አወጣችልኝ። እጄ ላይ አኖረችውና «ብዪ» አለችኝ፤ «የለቅሶ ቤት እህል እምቢ አይባልም።»

በላሁ።